ሁለት ወረንጦ ይዘን ወደ ሞጣ

ከቢቸና የተነሣነው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ትምህርት ቤቱ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት እንደ ተዘጋ ነው። የጉዞው ምክንያት የእኔ ሆድ ነበር። እኔ ባዶ ነው እላለሁ፤ አማቴ ልጅ አለበት ይላሉ። ክርክሩ ወራት ከፈጀ በኋላ አንድ ሐኪም ከደብረ ማርቆስ በወር አንድ ጊዜ እየመጣ ሞጣ ጤና ጣቢያ ሴቶችን እንደሚያይ ሰማንና፣ እሱ ይፍረደን ብለን ወጣን።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማለቂያ ገደማ ነው። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ቢቸና ተመድቤ ሦስተኛ ክፍል የማስተምር መምህርት ነበርኩ። እዚያው የአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነውን ጌታሁንን ካገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። በሠርጌ ማግስት እንደ አገሩ ልማድ የሙሽራ ስም ሲያወጡልኝ «ማንጠግቦሽ» አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልወልድ ስቀር የጠገቡኝ እሳቸው ራሳቸው ሆኑ።

የወር አበባዬ ከልጅነቴ ጀምሮ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋ እንግዳ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ የሚነገርም አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ አራት አምስት ወር በጠፋ ቁጥር አማቴ አረገዝሽ ይሉኛል። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ የአሁኑን ጨምሮ፣ ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርገው አስረግዘውኛል። የገንፎ እህል ይፈጫል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ጎረቤት በሹክሹክታ ይሰማል። ከዚያ እንግዳው ይመጣና ግቢው ሐዘን ይቀመጣል። የተዘጋጀው ቅቤና ገንፎ እንዳይበላሽ የምበላው ደግሞ እኔው ነኝ። ሆዴ በዚሁ ገፋ። የገፋው ሆድም ለሚቀጥለው እርግዝና ማስረጃ ሆነ።

ሌላም ምስጢር ነበረኝ። አገጬ ላይ ጢም ይበቅላል። የሴት ለስላሳ ጸጉር አይደለም፤ የደነደነ፣ የጠቆረ፣ የዲያቆን ጢም ነው። እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ፣ ጎህ ሲቀድ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እነቅለዋለሁ። ጌታሁን አንዳንድ ቀን ነቅቶ ከጀርባዬ ሲያየኝ ጸሎት ላይ ያለሁ መስሎት፣ ሚስቴ በየማለዳው እያነባች ትጸልያለች ብሎ ለባልደረቦቹ አውርቷል። ማንባቴስ እውነት ነው፤ ጢም ሲነቀል ያማል።

አማቴ አብሬሽ ካልሄድኩ አሉ። አንድ ማሰሮ ለጋ ቅቤም በሙዝ ቅጠል አሽገው አስጫኑ። ለሐኪሙ እጅ መንሻ መስሎኝ ነበር። ልንሳፈር ስንል ግን፣ ሥራ ይዞት የሚቀረው ጌታሁን ወደ ጎን ጠርቶ እውነቱን ነገረኝ። ሞጣ ውስጥ አቶ ካሳ የሚባሉ የእናቱ የሩቅ ዘመድ አሉ፤ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለቻቸው። ሐኪሙ መካን ናት ካለ፣ እናቱ በዚያው ልጅቷን ለጌታሁን ሊጠይቁ ነው። ቅቤው ለእነሱ ነው።

«እኔ እሺ አላልኩም» አለኝ።

«እምቢስ ብለሃል?» አልኩት።

«የሐኪሙ ቃል ይሰማና ይወሰን ነው ያልኩት» አለ። የፍርድ ቤት ሰው ነው፤ ሚስቱንም በቀጠሮ ነው የያዛት።

እኔም ሊተካኝ የሚችለውን ቅቤ እግሬ ሥር አድርጌ ተሳፈርኩ።

በጭነት መኪና

ያገኘነው መኪና ጨውና ላምባ ወደ ሞጣ የሚወስድ አሮጌ የጣሊያን ትሬንታ ኳትሮ ነበር። ለሁለታችን ሦስት ብር ከፍለን ጋቢና ገባን፤ ሌላው ተሳፋሪ ጨው ላይ ተቀመጠ። መንገዱ የበጋ መንገድ ነው። ክረምት ሲገባ ይዘጋል፣ በጋ ሲሆን የአቧራ ወንዝ ይሆናል። በግራችን ጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል፤ በቀኛችን ጤፍ የታጨደበት ሜዳ ወደ ዓባይ በረሃ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ። ሾፌሩ ቀይ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር።

አማቴ ገና ከከተማ እንደ ወጣን ሜዳ ልውጣ ብለው አስቆሙት። ወርደው ተመለሱ፤ ከያዙት ቅል ውሃ ጠጡ። ጥቂት እንደ ሄድን እንደገና አስቆሙት። ተመለሱ፤ ጠጡ። ሾፌሩ መጀመሪያ «ይሁን እሜቴ» ይል ነበር። በኋላ ዝም ብሎ መቆም ያዘ። ከአራተኛው በኋላ ደግሞ ሳይጠየቅ፣ ቁጥቋጦ ባየ ቁጥር ፍሬን መያዝ ጀመረ። ጨው ላይ ያሉትም በቆመ ቁጥር እየወረዱ እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ቆሎ ይካፈላሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና ቆጥሮ ጨረሰ። ለምን ይህን ያህል ውሃ እንደሚጠጡ ስጠይቃቸው አቧራው ነው አሉኝ። ቤትም ውስጥ፣ አቧራ በሌለበት፣ እንዲሁ እንደሚጠጡ ትዝ አለኝ፤ ግን ከአማት ጋር በውሃ አይከራከሩም ብዬ ተውኩት።

ደብረ ወርቅ

የሱሃን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን እንደ ወጣን የመኪናው ባሌስትራ፣ ጎማው ላይ ያለው የብረት ሞላ፣ ተሰበረ። እየተንፏቀቅን ደብረ ወርቅ ደርሰን፣ ለማደር ጠላ ከምትሸጥ አንዲት ሴት ቤት ገባን። ሽሮ ወጥና ትኩስ እንጀራ በሠላሳ ሣንቲም አቀረበችልን። አማቴ ከጠላው በላይ ውሃው ጣፈጣቸው። አንድ መደብ ላይ ጀርባና ጀርባ ሆነን ተኛን።

ጎህ እንደ ቀደደ ወረንጦዬን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከጌሾው ተክል ጀርባ ሰው ተቀምጧል። አማቴ ናቸው። ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርገው፣ በግራ እጃቸው የአገጫቸውን ቆዳ ወጥረው፣ በቀኝ እጃቸው የብር ወረንጦ ይዘዋል። ያ ወረንጦ ከኩክ ማውጫው ጋር ማተባቸው ላይ ሁልጊዜ ይንጠለጠላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጌጥ ይመስለኝ ነበር።

እንደ ተያዙ ሌቦች ተያየን።

«እሾህ ወግቶኝ ነው» አሉ።

እጄን ልደብቅ ስል የነጠላዬ ቋጠሮ ተፈታና የእኔ ወረንጦ መሬት ላይ ወደቀ። ሁለታችንም አየነው።

«እኔንም» አልኩ።

አገጬን አዩ፤ እኔም አገጫቸውን አየሁ። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ አሉልኝና «ቁጭ በይ፤ በዚህ በኩል ብርሃኑ ይሻላል» አሉኝ።

ጎን ለጎን ተቀምጠን ሥራችንን ሠራን። መጨረሻ ላይ፣ ከመንጋጋዬ ሥር እኔ የማላያትን አንዲት ጸጉር እሳቸው በአንድ ጊዜ መንጭቀው አወጡልኝ። እጃቸው የለመደ እጅ ነበር። ቤት ገብተን ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ባሌስትራው ሌሊቱን በጠፍርና በብረት ታስሮ አድሮ ስለ ነበር ወዲያው ጉዞ ቀጠልን።

ሞጣ

ሞጣ የገባነው ረፋድ ላይ ነው። ከመኪናው ወርደን በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሙ ዶክተር ኑረዲን ይባላል፤ የሐረር ልጅ ነው፣ ወጣት ነው። አማቴ ገና ከመቀመጣቸው የማን ልጅ እንደሆነ፣ አያቱ ማን እንደሚባሉ፣ ሚስት እንዳለው ጠየቁት። ተራ በተራ መለሰ። በቂ ነው ብለው ሲፈቅዱለት ሥራውን ጀመረ።

አማቴ ቀድመው ነገሩን አስረዱት። ልጁ ሆዴ ውስጥ እንዳለ፣ ግን ፈሪ ስለሆነ ወደ ጀርባዬ ሄዶ እንደ ተደበቀ፣ የሚፈለገውም እሱን ወደ ፊት የሚመልስ መድኃኒት እንደሆነ ነገሩት። ዶክተሩ ሳይስቅ ሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የወር አበባዬ መጀመሪያ የመጣው መቼ እንደሆነ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ሰው ይህን ሲጠይቀኝ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነበር። ነገርኩት። ፊቴ ላይ ወይም ሆዴ ላይ ጸጉር እንዳለ ጠየቀ። አዎ አልኩት። እንደ ኮረዳ ብጉር የሚያስቸግረኝ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀ። አንገቴን ዞሮ ሲያይ ከኋላው የጠቆረውን ቆዳ አገኘ።

አማቴ በዚህ ጊዜ ገቡበት። ያንን እድፍ እሳቸው ራሳቸው ሁለት ቅዳሜ በእንዶድ ፈትገው እንዳልለቀቀላቸው ነገሩት። ዶክተሩ እድፍ አለመሆኑን፣ እሱ የጠረጠረው በሽታ ካለባቸው ሴቶች አንዳንዶቹ ላይ የሚታይ ምልክት መሆኑን አስረዳቸው። አንገቴን አዩ፤ ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ ነጠላዬን ግን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ሸፈኑልኝ።

መጀመሪያ እርግዝና አለመኖሩ ይረጋገጥ ተባለ። በዚያ ጊዜ የነበረው ምርመራ ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። የላቦራቶሪው ሰው አቶ በላይ እርጥብ ጨርቅ በለበሰ ሣጥን ውስጥ ጉርጦች ያረባ ነበር። የሴቲቱ ሽንት በመርፌ ለወንድ ጉርጥ ይሰጣል። ሴቲቱ ካረገዘች ጉርጡ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ዘሩን ያፈስሳል፤ ካላረገዘች ምንም አያደርግም። አማቴ በምራታቸው ላይ ፍርድ የሚሰጠውን ፍጡር «ካላየሁ» አሉ። አቶ በላይ ጨርቁን ገለጠላቸው።

«ወንድ ነው ያልከኝ?» አሉት።

«አዎ እማማ፣ ወንድ ነው።»

«ወንድ ስለ እርግዝና ምን ያውቃል?»

አቶ በላይ ጨርቁን መልሶ ሸፈነ። ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። አማቴ በየመሃሉ ለሜዳ ይነሣሉ፤ ሲመለሱ በላቦራቶሪው መስኮት ጎንበስ ብለው ጉርጡን ያያሉ። አንድ ጊዜ «ተኝቷል» ብለው መጡ። ሌላ ጊዜ ሊያባብሉት ሲሞክሩ አቶ በላይ መስኮቱን ዘጋባቸው። ከሰዓት በኋላ ተጠራን። ጉርጡ ምንም አላደረገም። ሦስተኛው እርግዝናዬም በዚህ አበቃ።

ከዚያ ነርሷ ባለችበት ዶክተሩ መርምሮኝ ተቀመጥንና ያገኘውን ነገረን። እንቁላል የሚያፈሩት ሁለቱ የሴት አካሎቼ ተለቅ ተለቅ ብለዋል። በየወሩ አንድ እንቁላል አድጎ መውጣት ሲገባው፣ ጀምረው ያልጨረሱ ብዙ ትንንሽ የውሃ ከረጢቶች ሆነው ይቀራሉ። የወር አበባው የሚጠፋው፣ ጢሙና ብጉሩ የሚመጣው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። እንዲህ ያለባት ሴት ሁሉ ትወፍራለች ማለት አይደለም፤ ቀጭኖችም አሉ። የሴቲቱ ጥፋት አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ዛሬ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ይሉታል። ያን ጊዜ ዶክተሩ በሁለት ፈረንጅ ሐኪሞች ስም እንደሚጠራ ነው የነገረን።

«ሁለት ፈረንጅ በምራቴ ሆድ ውስጥ ምን ይሠራሉ?» አሉ አማቴ።

ዶክተሩ ይህን ለማስተካከል ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ነገረኝ። የወር አበባ ለብዙ ወራት መጥፋቱ መልካም አይደለም፤ ማህፀን በየወሩ የምታነጥፈውን ካላነሣች እየተደራረበ ኋላ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ጊዜውን ጠብቆ እንዲመጣ የሚያደርግ ክኒን ሰጠኝ። በየቀኑ ፈጠን ብዬ እንድራመድ፣ ቅቤውን፣ ገንፎውንና ማሩን እንድቀንስ አዘዘኝ። ጢሙ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ መንቀሉም ሆነ መላጨቱ ነውር የለውም አለኝ። ጌታሁንም መመርመር እንዳለበት ሲናገር አማቴ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ጠበል መሄዳችንን እንተው እንደሆነ ጠየቁት። በእግር ከሄዳችሁ እሰየው አላቸው። ይህ ሐኪም አማቴን በጣም ደስ አሰኛቸው።

ግን የመጡበትን ጥያቄ አልረሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው «መካን ናት?» ብለው ጠየቁት። እኔ ወለሉን አየሁ።

«አይደለችም» አለ። «እንቁላሏ ይዘገያል እንጂ አልጠፋም። እንዲህ ያለባቸው ብዙዎቹ ይወልዳሉ። አንዳንዱ ራሱ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል፤ ካልሆነም እንቁላሉን የሚያነቃ አዲስ ክኒን አዲስ አበባ አለ።»

አማቴ ወደ ዶክተሩም ወደ እኔም ሳያዩ፣ እጃቸውን እያዩ መናገር ጀመሩ።

«ጌታሁንን የወለድኩት ባገባሁ በዘጠነኛው ዓመት ነው» አሉ። «ከሱ በፊት የለም፤ ከሱ በኋላ የለም። የእኔም አበባ እንዲሁ ይጠፋ ነበር። አማቴ ሁለት ጊዜ አባቴ ቤት መልሳኛለች።»

ይህን ጌታሁን አያውቅም። እኔም አላውቅም። ሰውየው፣ ባላቸው፣ በሁለቱም ጊዜ በቅሎ ይዞ መጥቶ እንደ መለሳቸው ጨመሩ። በውስጤ ጌታሁን በቅሎ ሲጭን ይታየኝ እንደሆነ ሞከርኩ፤ አልታየኝም።

ዶክተሩ ማስታወሻውን አስቀምጦ እሳቸውን በደንብ አያቸው። አገጫቸውን አየ፣ ከጎናቸው ያለውን የውሃ ቅል አየ። ጥማቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ክብደት ቀንሰው እንደሆነ ጠየቃቸው። የላቦራቶሪው ሰው የእሳቸውን ሽንት ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ ሲያሞቀው ቀለሙ እንደ ሸክላ ቀላ። የስኳር በሽታ ነበረባቸው። የእኔ ዓይነት ችግር ያለባቸው ሴቶች ዕድሜያቸው ሲገፋ ለስኳር እንደሚጋለጡ፣ እኔም ከአሁኑ እንድጠነቀቅ ዶክተሩ ነገረን። አማቴ ቅር ያላቸው ግን በሌላ ነገር ነው።

«ለእኔ ጉርጡ አያስፈልግም?» ብለው ጠየቁ።

አያስፈልግም ተባሉ። ለእሳቸውም ክኒን፣ ደብረ ማርቆስ የሚታዩበት ቀጠሮ፣ ጠጅና ማር የተከለከለበት ትእዛዝ ተሰጣቸው። እኔን ሊያስመረምሩ መጥተው፣ ከእኔ የበዛ መድኃኒት ይዘው ወጡ።

አቶ ካሳ ቤት

አቶ ካሳ ዘንድ እንደምንመጣ አስቀድሞ ተልኮባቸዋል፤ መቅረት አይቻልም። ወደ ማታ ቅቤውን ይዘን ሄድን። ቤቱ ተጠርጎ ቄጠማ ተነስንሷል፣ በግ ታርዷል። ልጅቷ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ እጃችንን አስታጠበችን። እኔን ሲያዩ የቤቱ ሰዎች ግራ ገባቸው፤ የምትተካው ሴት ከተኪዋ ጋር ትበላለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ልጅቷ ግን አጠገቤ ተቀምጣ በዝግታ መምህርት መሆኔ እውነት እንደሆነ፣ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ሴት ይቀበል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይቀበላል አልኳት። ከዚያ በኋላ የበጉን ሥጋ በደንብ ቆርጣ አቀረበችልኝ።

አቶ ካሳ በትልቁ ብርሌ ጠጅ ቀድተው በሁለት እጃቸው ለአማቴ ሰጡ። አማቴ አልጠጣም አሉ። በዚያ አገር ለእንዲህ ያለ ጉዳይ መጥቶ ጠጅ እምቢ ማለት ነገሩን ማፍረስ ነው። አቶ ካሳ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ምን አጥፍተን ነው፣ ልጅቷስ ምን ጎደላት የሚል ጥያቄ በአክብሮት ተጠቀለለና ቀረበ።

አማቴ ስለ ስኳሩ መናገር አልፈለጉም። ውሃ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ጠጡ።

«የመጣሁት ምራቴን ላስተዋውቃችሁ ነው» አሉ። «ማንጠግቦሽ ትባላለች። ቅቤውም የእሷ ነው፤ ሐኪም ስለ ከለከላት ለናንተ ይሁን ብላ አመጣችላችሁ።»

ያ ማሰሮ ሊያስወጣኝ መጥቶ፣ በኔ ስም ተሰጠ። ልጅቷ ከሁላችን ቀድማ ተነሥታ ተቀበለችና ወደ ጓዳ ወሰደችው። የጎረስኩት የበግ ሥጋ እንባ እንባ አለኝ።

መልስ

ስንመለስ ያው ሾፌር አገኘን። አማቴን ሲያይ በመንገዱ ላይ ያሉትን ቁጥቋጦዎች የሚቆጥር ይመስል ወደ ፊት ተመለከተ። ቢቸና ስንደርስ ጌታሁን በር ላይ ቆሟል፤ ሸሚዙ የተቆለፈው ተዛንፎ ነው። ምን እንደ ተባልን ጠየቀ። አማቴ ቅላቸውን አቀበሉትና በእርጋታ፣ ሐኪሙ የሚፈልገው አንተን ነው አሉት። ያን ዕለት እራቱን አልበላም። በሚቀጥለው ወር ተመርምሮ ደህና መሆኑ እስኪነገረው ድረስ በቤቱ ውስጥ እንደ ተከሳሽ ነበር የሚራመደው። አባቱ በበቅሎ ያደረጉትን ግን እሱን አስቀምጬ ከእናቱ አፍ አሰማሁት። እንደ ሰማ ወጥቶ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ውሳኔ አንሥቶ አያውቅም።

እኔና አማቴ በየማለዳው በፍጥነት መራመድ ጀመርን። የቢቸና ሰው ሁለት ሴቶች ነጠላ አጣፍተው፣ ሳይነጋገሩ፣ በፍርድ ቤቱ በኩል ሲከንፉ ሲያይ ትልቅ ክስ ያለን መሰለው። ማንን እንደ ከሰስን የሚጠይቁን ነበሩ። አማቴ ገና ምስክር እየተሰማ ነው ይሏቸዋል። ስንመለስ በአንድ መስኮት ብርሃን ተቀምጠን ወረንጦአችንን እናወጣለን፤ ጌታሁንም ጸሎቴ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው።

ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው። ለዓመታት ብቻዬን የያዝኩትን በሽታ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርታ ሌላ ሴት ብቻዋን ይዛው ነበር። አንዳችን ቀድመን ብንናገር ኖሮ እሳቸው ስኳራቸውን ቀድመው ያውቁ ነበር፤ እኔም ሦስት ጊዜ ባላረገዝኩ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ ትልልቆቹን ሴቶች ልጆች ለብቻ እየሰበሰብኩ፣ አበባ ከጠፋ ለሐኪም የሚነገር ነገር እንደሆነ ማስተማር ጀመርኩ። ልጅ የመጣልኝ ከዓመታት በኋላ፣ አዲስ አበባ ያለውን ክኒን ወስጄ ነው።

ከሁሉ የማስታውሰው ግን ከሞጣ በተመለስን በሁለተኛው ወር የሆነውን ነው። ክኒኑን እንደ ታዘዝኩት ወስጄ ስጨርስ የወር አበባዬ በተባለው ቀን መጣ። ለአማቴ ነገርኳቸው። ድሮ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ይቀመጡ ነበር። አሁን ግን በሩ ላይ ወጡና እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን እየጣለ ሮጦ መጣ። ወንድ ነው ሴት፣ ምን ተወለደ እያሉ ጠየቋቸው።

«ገና ነው» አሉ አማቴ። «መንገዱ ተከፈተ።»